አርባ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይሰለቹ የጠየቁት የወይዘሮ ሰገነት ጓዴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሰገነት ጓዴ ከአባታቸው ከአቶ ጓዴ አካለ ወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ከብቸና ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው በወይራ አምባ፣ ኅዳር 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል ክብረ በዓል ስለነበር አባታቸው ከማኅሌቱ ሳይወጡ የምሥራች ደረሳቸው ይባላል። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው በስድስት ዓመት የሚያንሰው ወንድማቸው ይታገስ ሲወለድ አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደ ደረሰ በአቅራቢያቸው በነበረው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። በንባብም በሒሳብም ከክፍሉ የሚቀድማቸው አልነበረም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ፣ በ1978 ዓ.ም. በወርኃ ሚያዝያ፣ የገበሬ ማኅበሩ የመሬት ድልድል ኮሚቴ አባል የነበሩት አባታቸው ከገበያ ሲመለሱ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ በአንዲት ጥይት ተገደሉ። በዚያ ዓመት በድልድሉ ድንበራቸው የተነካባቸው ሰባት ሰዎች ነበሩ። ከሰባቱ አቶ እንዳለው የሚባሉት፣ ነገሩ ከመሆኑ ሁለት ሳምንት በፊት በሕዝብ ፊት «ጓዴ፣ ይህችን ነገር አንድ ቀን ታገኛታለህ!» ብለው ስለ ፎከሩ ተያዙ። «አፌ ነው እንጂ እጄ አይደለም» ቢሉም የሰማቸው አልተገኘም። አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። በአራተኛው ዓመት እስር ቤት ውስጥ በተስቦ ሞቱ። ሬሳቸው ወደ አገሩ ሲመጣ ቀባሪ ጠፍቶ ሚስታቸው ወይዘሮ አምሳለች ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ብቻ ቀበሯቸው።

ለጓዴ ደም የሚመልስ ጎልማሳ ወንድ በቤቱ አልነበረም። ይታገስ ያን ጊዜ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ደሙ በሴት ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ሰገነትም ተሸከሙት። እንዳለው በሞቱ በሳምንቱ ወይዘሮ አምሳለችን ከምንጩ ላይ አግኝተው፣ የቀዱትን ውኃ ከነእንስራው ደፍተው፣ «ገዳይ ያጠጣሽበትን ዕቃ በእኛ ምንጭ አትንከሪ!» ብለዋቸዋል። ይህን እኛ አልፈጠርነውም። ራሳቸው በኋላ ዘመን፣ በሕይወታቸው ከሠሩት ኃጢአት ሁሉ የከፋው ይህ እንደ ሆነ በአደባባይ ስለ ተናገሩ ጻፍነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በብቸና ተከታትለው በ1983 ዓ.ም. ከፍተኛ ውጤት አመጡ። ሕግ ለማጥናት ቆርጠው ነበር። አሳባቸው ዳኛ ሆኖ መምጣትና የእንዳለውን ልጆች ከመሬታቸው ማስነቀል ነበር። እግዚአብሔር ግን የሰውን አሳብ ያውቃልና ሕግ አልደረሳቸውም። በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ሶሾሎጂ ተመደቡ። ለክረምት ሲመለሱ አጎታቸው አቶ ፈንታዬ ሰው በተሰበሰበበት ጠየቋቸው።

«ለመሆኑ ይኸ ሶሾሎጂ የምትይው ምኑን ነው የሚያስተምር?»

«ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ነው፣ አጎቴ።»

«እሱንማ እኔ ሳልማር አውቀዋለሁ። ተጣልቶ ነው የሚኖር! ለዚህ ነው አራት ዓመት የመንግሥት እንጀራ የምትበሊ?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ሰገነትም አብረው ሳቁ። ግን አጎታቸው ያላወቁት ነገር ነበር። ለዚያች ልጅ ትምህርቱ የአንዲት ጥያቄ መፈለጊያ ሆኖ ነበር፤ ሰው ጎረቤቱን ገድሎ በማግስቱ እንዴት ያርሳል? የዚህን ጥያቄ መልስ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ሁሉ ሲያስሱ አራት ዓመት አለፈ። በ1988 ዓ.ም. በሶሾሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

በ1989 ዓ.ም. ሞጣ ላይ በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያነት ተቀጠሩ። ሥራው ለሰው አይታይም ነበር። የሐኪም መርፌ ይታያል፣ የመሐንዲስ ድልድይ ይታያል፣ የእርሳቸው ሥራ ግን ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ቤት ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከአቶ ሽታሁን ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ንጋትንና ጥሩአየሁን ወለዱ። በ2001 ዓ.ም. በሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተው ከዚያ ወዲህ በአንድ ኮሌጅ መምህር ሆኑ። ልጃቸው ሥራ ያላገኘ አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጥተው «መምህርት፣ ልጄን ምን አድርገሽ ነው ያስመረቅሽብኝ?» ብለው ቢቆጡ፣ «አባቴ፣ መጠየቅና ዝም ብሎ ማዳመጥ አስተምሬዋለሁ። ይህን የሚችል ሰው በየቢሮው ስንት አለ? ትንሽ ይታገሡኝ» ብለው መለሷቸው። ያ ልጅ ዛሬ በፍርድ ቤት ለሕፃናት ችሎት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነው። ካስተማሯቸው መካከል በሆስፒታል ሕሙማንን የሚያማክሩ፣ በማረሚያ ቤት ታራሚዎችን ከቤተሰብ የሚያገናኙ፣ በሴቶችና ሕፃናት ቢሮ የሚሠሩ አሉ። ሌላ አጥተው ባንክ ቤት የገቡም አሉ፤ እነርሱም ደንበኛ ያከብራሉ እየተባለ ይመሰገናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በዚህ ስፍራ የተሰበሰባችሁ ሁሉ በትዕግሥት አድምጡ።

በ2004 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰገነት ከብቸና እስከ ሞጣ ባሉ ቀበሌዎች ስለ ደም ጠብ ጥናት ጀመሩ። ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ተዳፍኖ የቀረው ደም ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ ነበር። የአሠራሩ ደንብ እንዲህ ነው፤ የቤቶቹ ዝርዝር ይጻፍና በዕጣ ከወጣው ቤት ጀምሮ በየአሥራ ሁለተኛው ቤት ይገባል። ቤቱ የሀብታም ይሁን የድኻ፣ የዘመድ ይሁን የባላንጣ፣ አይዘለልም፣ በሌላም አይተካም። አንድ ቤት ከተዘለለ ጥናቱ ሐሰት ሆነ ማለት ነው። በእነዚያው ቤቶችም በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዘንድሮው መልስ ከአምናው ጋር የሚተያየው እንዲያ ነው።

በዕጣው ከወጡት ከመቶ ሃያ አራቱ ቤቶች አንዱ ከልጅነታቸው ጀምሮ «ጋሼ» የሚሉት ሰው ቤት ሆነ። ድንበራቸው ከተነካባቸው ከሰባቱ አንዱ ነው። በአባታቸው ቀብር ቆሞ አልቅሷል። ወይዘሮ ሰገነት ደስ ብሏቸው፣ ለረዳቶቻቸው ሳይሰጡ ራሳቸው ገቡ። ሰውየውን በዚህ ጽሑፍ «መልስ ሰጪው» ብለን እንጠራዋለን። ምክንያቱ ከታች ይገለጣል።

እንደ ደንቡ ፈቃድ መጠየቂያውን አነበቡለት። የሚሰጡት መልስ በምስጢር ይያዛል፣ ስምዎ አይጻፍም፣ መመለስ ካልፈለጉም መብትዎ ነው የሚል ነው። መልስ ሰጪው ሚስቱን ወደ ደጅ ላካት።

«የምነግርሽ ከዚች ወረቀት አይወጣም አልሽ?»

«አይወጣም፣ ጋሼ።»

«ለዳኛም ለዘመድም?»

«ለማንም።»

«በማርያም ማይልኝ።»

«ማርያምን።»

«እንግዲያው ጻፊ።»

አርባ አንደኛው ጥያቄ «ከዚህ ቤት በሰው እጅ የሞተ ወይም ሰው የገደለ አለ?» የሚል ነበር። «አለ፣ እኔ» አለ። አርባ ሁለተኛው «ሟች ለገዳይ ምኑ ነበር?» የሚል ነበር። «ጎረቤቴ፤ አባትሽ» አለ። እርሳሱ ከእጃቸው ወደቀ። አርባ ሦስተኛው «ለዚህ ነገር የታሰረው ሰው ገዳዩ ራሱ ነው?» የሚል ነበር። «አይደለም። እንዳለው እጁ የለበትም» አለ።

ወይዘሮ ሰገነት እንዲያ ታሰሩ። መልስ ሰጪው ሃያ ስድስት ዓመት የተሸከመውን ሸክም በልጅቱ ራስ ላይ አራግፎ፣ መሐላዋን ደጅ ላይ እንደ ውሻ አስሮ፣ እርሱ ቀለለው። በሕግ እንዳይከሰስ የይርጋ ዘመኑ አልፎ ነበር። በአፍ እንዳይነገር በማርያም ተምሏል። ወይዘሮ ሰገነት ከወደቀበት እርሳሱን አነሡ። የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠይቀው ጨረሱ። ሲወጡም «ጋሼ» አላሉትም። «መልስ ሰጪ፣ በመጪው ታኅሣሥ እንገናኛለን» አሉት።

ተገናኙም። በሁለተኛው ዓመት መልስ ሰጪው ከበሩ ላይ ቆሞ «ያው ነው እኮ፤ ያምናውን ገልብጪው» አለ።

«ያምናው አይገለበጥም። መጠየቅ ግድ ነው። ላለመመለስ ግን መብት አለዎት፤ ላንብብልዎ?»

«ተይው። ግቢ።»

እምቢ ቢል ጎረቤቱ ሁሉ «ከዚህ ቤት ምን አለና ነው?» ይላል። ስለዚህ መለሰ። በሦስተኛው ዓመትም መለሰ። በአራተኛው ዓመት ታኅሣሥ ሲገባ ለሱባኤ ብሎ ደብረ ወርቅ ወጣ። ሰው በቤቱ ካልተገኘ ሦስት ጊዜ መመላለስ ደንብ ነውና ወይዘሮ ሰገነት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ጊዜ፣ ከዳገቱ ሲወርድ መንገድ ላይ ጠበቁትና ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠየቁት። በስድስተኛው ዓመት አርባ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አለቀሰ። አላጽናኑትም። ወረቀታቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው እስኪጨርስ ጠበቁና «ልቀጥል?» አሉት። ጥናቱ እስካበቃበት እስከ 2012 ዓ.ም. ዘጠኝ ታኅሣሥ እንዲህ አለፈ። ክርስቲያን በቀልን ለጌታው ይተዋል፤ ይህን እናውቃለን። ወይዘሮ ሰገነትም ጥይት አልተኮሱም፣ ሰው አልላኩበትም፣ ስሙን ለባላቸው እንኳ አልተነፈሱም። ይሁን እንጂ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እንዲረሳም አልፈቀዱለትም።

ምስጢሩ ግን እርሳቸውንም አስከፍሏቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጥናቱን እንደ ፈጸሙ ወደ ወይዘሮ አምሳለች ቤት ሄደው ከእግራቸው ሥር ወደቁ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ተነሺ!» አሉ ወይዘሮ አምሳለች።

«ይቅር በይኝ፣ እታለም። ውኃሽን ደፍቻለሁ።»

«ከስንት ዓመት በኋላ? ምን አገኘሽ?»

«አልነግርሽም። መናገር አልችልም።»

«ሳትነግሪኝ እግሬን የምትስሚ፣ አንድ ነገርስ አውቀሻል። ተነሺ፤ እኔ ለአንቺ ይቅር ብያለሁ። ለባሌ ግን ማን ይቅር ይበለው? ልጆቼ እስካሁን የገዳይ ልጆች ናቸው። ትልቋ ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለት ጊዜ ቀርታለች።»

ወይዘሮ ይርጋነሽም በ2007 ዓ.ም. ሲያርፉ የእንዳለውን ዘር እየረገሙ ነው ያረፉት። ልጃቸው ከራስጌ ተቀምጠው፣ እውነቱን በአፋቸው ይዘው፣ «እማዬ፣ እርግማኑን ተይው» ከማለት በቀር ቃል አላወጡም። የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረ ኪዳን በየፋሲካው «ልጄ፣ ለቁርባን አትቀርቢም?» ሲሏቸው «ያልለቀቅሁት ሰው አለ፣ አባቴ። ልለቀውም አልፈቅድም» ይሉ ነበር። በቁርባን ያገቡ ሴት ሲሆኑ፣ ከዚያች ታኅሣሥ ጀምሮ ከቅዱስ ሥጋውና ከክቡር ደሙ እንደ ተለዩ ኖሩ። ይህን ያህል ቂም ያዙ ብሎ የሚፈርድባቸው ይፍረድ። ዋጋውን የከፈሉት በራሳቸው ነፍስ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ታወቀባቸው። መንገድ በተከፈተ ጊዜ ባሕር ዳር፣ በተዘጋ ጊዜ ሞጣ በቤታቸው ሲታከሙ ቆዩ። ሕመማቸው ሲበረታ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ላይ መልስ ሰጪው ሳይጠራ መጣ። አርጅቷል፤ በምርኩዝ ነው። በቤቱ ውስጥ አቶ ሽታሁን፣ ወንድማቸው ይታገስና መምሬ ገብረ ኪዳን ነበሩ። ከመሬት ተንበርክኮ፣ ከወንዙ መሻገሪያ ጀምሮ እስከ ዘጠነኛው ታኅሣሥ ድረስ ያለውን ሁሉ በገዛ አፉ ተናገረ። እኛ ይህን የምናውቀው ስለዚህ ነው። መሐላውን የፈታው ያስማለው ራሱ ነው፤ ወይዘሮ ሰገነት አልፈቱትም።

ይታገስ ከተቀመጠበት ተነሣ። እጁ ምን እንደ ፈለገ እግዚአብሔር ያውቃል። እኅቱ «ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ።

«ሽማግሌ ልላክ፤ ካሣም ልክፈል፤ ድንጋይም ልሸከም። ብቻ ሳትሞች አስታርቂኝ» አለ መልስ ሰጪው።

«ለእኔ ዘጠኝ ጊዜ ነግረውኛል» አሉት ወይዘሮ ሰገነት። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ቃላቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። «መስማት ያለበት ሌላ ሰው ነው። ለአምሳለች ልጆች ይናገሩ።»

«እሺ፣ ቤታቸው ሄጄ...»

«ቤታቸው አይደለም። እንዳለው ገዳይ የተባለው በቤት ውስጥ ነው? በአገር ፊት ነው። በአገር ፊት ይናገሩ። እኔ ስቀበር አገር ይሰበሰባል።»

«በስተርጅናዬ፣ በሕዝብ ፊት? በልጆቼ ፊት?»

«እንዳለውም እርጅና ነበረው፣ ልጆችም ነበሩት። እርጅናው ላይ አልደረሰም እንጂ።»

መልስ ሰጪው ሳይመልስ ምርኩዙን አንሥቶ ወጣ። ከዘጠኙ ዓመት አንድም ጊዜ ያላደረገውን ያን ቀን አደረገ። መምሬ ገብረ ኪዳን «ልጄ፣ ሳትለቂው ብትሞችስ?» አሉ። ወይዘሮ ሰገነትም «ለቅቄዋለሁ፣ አባቴ። መውጫው በር የት እንደ ሆነ ነግሬዋለሁ። እንግዲህ መውጣት የእሱ ነው» አሉ። መምሬ ለሦስት ቀን አሰቡበት። በአራተኛው ቀን ኑዛዜያቸውን ተቀብለው፣ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ሥጋ ወደሙን አቀበሏቸው።

ወይዘሮ ሰገነት ጓዴ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ሽታሁን፣ ልጆቻቸው ንጋትና ጥሩአየሁ፣ ወንድማቸው ይታገስ፣ አጎታቸው አቶ ፈንታዬና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ተማሪዎቻቸው ተርፈዋል። በፈቃዳቸው ከሞጣ መጥተው፣ አባታቸውም አቶ እንዳለውም ባረፉበት በዚህ ደብር ይቀበራሉ።

ስለ ሥርዐቱ ከሟች የተቀበልነው ኑዛዜ ይህ ነው። የመልስ ሰጪው ስም በዚህ ወረቀት አልተጻፈም፣ ከእኛም ወገን ማንም አይጠራውም፤ ቃላቸው በሞትም አይፈርስም። ቀብሩ መቼና የት እንደ ሆነ ግን መልእክት ደርሶታል። ጠመንጃ ያነገታችሁ የጓዴ ዘመዶች ከግቢው ውጭ አስቀምጣችሁ እንድትገቡ የተለመናችሁት ስለዚህ ነው። ቢናገርም ባይናገርም እርሱንም ልጆቹንም የሚነካውን ሰው የሟች አጥንት ይፋረደዋል። ይህ ተነብቦ ሲያበቃ ይታገስ ከመቃብሩ ራስጌ ይቆማል። መምሬ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ይዘው ከጎኑ፣ ወይዘሮ አምሳለችም ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ከግርጌ ይቆማሉ። በራሱ እግር መጥቶ፣ በራሱ አፍ ስሙን ጠርቶ፣ «ጓዴን የገደልሁት እኔ ነኝ፤ እንዳለው ንጹሕ ነው» ካለ፣ ይታገስ በጓዴ ደም ፈንታ ከእርሱ ጋር መስቀሉን ይሳለማል፣ ደሙም ይደርቃል። አፈሩ ተሞልቶ እስኪያልቅ ድረስ ካልመጣ ግን ከእንግዲህ ወዲያ በዚህ ነገር ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ይቅርታም አይጠየቅም። ዳኝነቱ በሰማይ ባለው ችሎት ይታያል፤ በዚያ ችሎት ይርጋ የለም፣ መሐላ የሚሸፍነውም የለም።

የተጠሙት እውነት በአገር ፊት ሲነገር ሳይሰሙ ያለፉትን እኅታችንን፣ የልብን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ከጻድቃን ጎን ያሳርፍልን። በሐሰት ስም የተቀበሩትን እንዳለውንም አብሮ ያስብልን። አሜን።

አንባቢው እዚህ ላይ ዝም ይላል። አካፋ የያዛችሁ፣ አንድ ጊዜ ቁሙ።